ከ‹ጧ› ጫማ ሥር ያለችው ጠብታ

ሌባ ሲሰርቅ ያየ ሰው «ያዘው!» ብሎ ይጮሃል እንጂ ዕቃውን ባንድ ጎን ይዞ መኪና ላይ አይጭንለትም። በዚያ ሰፈር ግን የሆነው ይኸው ነው፤ ብታምኑም ባታምኑም።

ሰፈርተኛው እትዬ ዳቦ የሚላት ባለ ዳቦ ቤት በዕረፍት ቀኗ የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ አድራ ስትመለስ በሯ ላይ አንድ ባነር ተንጠልጥሎ ጠበቃት። «ዳቦ ቤቱ ተሸጧል! ስለ ፍቅራችሁ እናመሰግናለን!» ይላል። «ደግሞ ማን ነው የሸጠኝ?» ብላ እየሳቀች በሩን ከፈተች። ሳቋ እዚያው ደረቀ። ሊጥ ማቡኪያው የለም። መጋገሪያው የለም። መደርደሪያዎቹም የሉም። የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው የሟች ባሏ ፎቶግራፍና ምን እንደተፈጠረ ያልገባት ድመት ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አስከትሎ ሲደርስ ሰፈርተኛው ደጁን ሞልቶታል። ኢንስፔክተሩ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ነገር የማያስቸኩለው ሰው ነው፤ ሳጅኗ ደግሞ እግሯ መሬት አይነካም።

«ያየ ሰው አለ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ያላየ ማን አለና!» አለ ከፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ። «በጠራራ ፀሐይ ነው የመጡት። ቱታ የለበሱ ሰዎች ከነጭነት መኪናቸው! ማቡኪያው ከብዷቸው ሲያቃስቱ አንጀቴን በሉትና ባንድ ጎን ያዝኩላቸው። መረቁኝ እኮ ጌታዬ! ‹ወገብዎን አይመምዎ› ብለው።»

«ወገብዎስ?»

«ይኸው ቀጥ ማለት አቅቶኛል።»

«በሩንስ በምን ከፈቱት?»

ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርፍ ቁልፏን እኔ ጋ ነው የምታስቀምጠው። ‹ቁልፉ እርስዎ ጋ ተቀምጦልናል› አሉኝ፤ ሰጠኋቸው።»

«እኔን ይድፋኝ!» አለች እትዬ ዳቦ። «አንተ ሰውዬ፣ ሳልነግርህ ቤቴን የምሸጥ ይመስልሃል?»

«ተቀይሜሽ ነበር እኮ! ጎረቤት ሆና እንዴት ሳትሰናበተኝ ብዬ ሆዴ ባብቶ ነበር።» ከዚያ በአገጩ ወደ ባነሩ አመለከተ። «ምን ላድርግ? የጋሽ ብሩሽ እጅ ነዋ! የጋሽ ብሩሽ ፊደል ዋሽቶ ያውቃል?»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ኢንስፔክተሩ መንገዱን ግራና ቀኝ ሲያይ ነገሩ ገባው። የመንገዱ ታፔላ በሙሉ በአንድ እጅ የተጻፈ ነው። ጁስ ቤቱ፣ መጫወቻ መደብሩ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ግንብ፣ ሁሉም። ፊደሎቹ አንድ መስመር ላይ ቀጥ ብለው መቆም አያውቁም። ‹ዳ› ሆዷን ነፍታ ወደ ጎረቤቷ ታጋድላለች፤ ‹ል› አንገቱን ሰገግ አድርጎ መንገደኛውን ያያል፤ ብሩሹ ቀለም ሲጨርስ የተወው ጭረት ከየጫፉ ላይ እንደ ጢም ቆሟል። ሲያዩት ደስ ይላል። አንድ ጠበቃ በዚህ ፊደል ታፔላ አስጽፎ ደንበኞቹ ገና ከበር እየሳቁበት ቢገቡ አስፍቆታል ይባላል።

ሳጅኗ ወንበር ላይ ወጥታ ባነሩን ታጠናለች። ‹ተሸጧል› ከሚለው ቃል ላይ፣ ‹ጧ› ከረገጠባት አግድም ጫማ ሥር፣ አንዲት የቀለም ጠብታ ወርዳለች። ሳጅኗ በጣቷ ነካቻት።

«ደርቋል» አለች። «እንዲያውም ቀለም አይደለም። የታተመ ነው።»

«የጠብታ ሕትመት» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ለራሱ ያህል። ለጊዜው ከዚያ በላይ አላሰበበትም።

ጋሽ ብሩሽ ሱቁ በቀለም ቆርቆሮ የታጨቀ፣ እሱ ራሱ ከጫማው እስከ መነጽሩ የቀለም ነጠብጣብ የሆነ ሽማግሌ ነው። ባነሩን ሲዘረጉለት መጀመሪያ ከት ብሎ ሳቀ።

«ተሸጧል? ኧረ ባካችሁ! ዕድሜ ልኬን ‹የሚሸጥ ቤት፣ የሚሸጥ መኪና› ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከተሸጠ በኋላ ተሸጧል ብሎ የሚያስጽፍ ሞኝ ገጥሞኝ አያውቅም። ሰው የሸጠውን ዝም ብሎ ነው የሚበላው።»

«ታዲያ ፊደሉ የእርስዎ አይደለም?»

«የኔማ ነው። ይህች ‹ዳ› የኔ ናት። ይህ ‹ፍ› የኔ ነው። ግን መቼ…» ሽማግሌው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጎንበስ አለ። ‹ተሸጧል› የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ኢንስፔክተሩ አየው። በደጅ በኩል አብራው የምትኖረው የሴት ልጁ ጫማ ተቀምጧል። ሽማግሌው ወደ ጫማው አየና ወደ ባነሩ ተመለሰ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

«አሁን አልጻፍኩም ሲሉን አልነበር እንዴ?»

«እርጅና ነው፤ ረስቼው ነው። እኔ ጻፍኩት፣ እኔ አሳተምኩት፣ እኔ ሰቀልኩት። አለቀ።»

«የት አሳተሙት?»

«አለቀ አልኩህ እኮ፣ ልጄ!»

ከዚያ መነጽሩን አውርዶ ራሱ ወደ በሩ ቀደመ። ይዘውት ሲወጡ መንገዱ ሁሉ ቆሞ አየው። ከሰዓት በኋላ ባለ ጁስ ቤቱ ታፔላውን በጨርቅ ሸፈነው። የሕፃናት ትምህርት ቤቱም ግንቡን ነጭ ሊያስቀባ ነው ተባለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የጋሽ ብሩሽ ስም ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ በጨርቅ እየተሸፈነ ነው።

«ጥፋቱን አምኗል» አለች ሳጅኗ። «መዝገቡን እንዝጋው?»

«ማቡኪያውን አዝሎት ሄደ?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ደግሞ አየሽው? ሊዋሽ የጀመረው እውነቱን ከተናገረ በኋላ ነው። ሌባ እንዲህ አይዋሽም።»

እትዬ ዳቦ የምትጠረጥረው ሌላ ሰው አላት። ዋርሳዋን። የሟች ባሏ ወንድም ቤቱ የወላጆቻችን ነው እያለ ሲነዘንዛት ከርሟል። ኢንስፔክተሩ ኳስ ሜዳ አጠገብ አገኘው።

«ዕቃው በተጫነ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚህ፤ ጨዋታ እዳኝ ነበር።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማየት ብቻ? ሜዳ ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ ነው የዋለው! ፍጹም ቅጣት ምት ከለከልክ ብለው አያቴ ድረስ ሄደው ነው የሰደቡኝ። ከፈለጉ ማንኛውንም ተመልካች ይጠይቁ፤ አይረሱኝም።»

ሳጅኗ ጠየቀች። እውነትም አልረሱትም፤ ሁለተኛው ተመልካች ገና ስሙ ሲነሳ ስድቡን ካቆመበት ቀጠለ።

«እሺ፣ ባነር የሚያትመው ማነው?» አለ ኢንስፔክተሩ ሲመለሱ።

በዚያ ሰፈር የሚያትም አንድ ሰው ብቻ ነው። ሥራ ተቀብሎ «ነገ» ስለማይል ፈጣኑ ይሉታል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መሃሉ ላይ በትልቅ ሸራ የተሸፈነ፣ እስከ ደረት የሚደርስ ነገር ቆሞ መተላለፊያውን ዘግቶታል። ፈጣኑ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉ እሽጎችን በገመድ እያሰረ ነበር።

«ባነር? ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ኢንስፔክተር። ትልቁ ማሽኔ ተበላሽቶ ይኸውልዎት ሸራ ለብሶ ተኝቷል።»

ኢንስፔክተሩ ሸራው ላይ ክንዱን አሳርፎ ተደገፈ። «ይህን ዓይነት ፊደል በኮምፒውተር ማግኘት ይቻላል?»

«በምንም ተአምር! ይህ እኮ የጋሽ ብሩሽ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ፎንት ቢኖርማ ባለቤቱ በታደለ። እኔ በበኩሌ በኮምፒውተር አይቼው አላውቅም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው።» ከዚያ እሽጉን መታ መታ አደረገ። «ይኸው፣ የእትዬ ዳቦን ከረጢቶች ላደርስላት ነው። ቀደም ብላ ያዘዘችው ነው፤ ምስኪን! ሐዘኗ ላይ ሥራ ማስተጓጎል አልፈልግም።»

«ደግ ነህ» አለ ኢንስፔክተሩና ወጣ።

ነገሩ አልያዝ ሲለው ኢንስፔክተሩ ጢሙን ይላጫል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ጠርጎ ሲያስቀምጠው ክንዱን አይቶ በብሩሽ ያራግፍለት ጀመር።

«ይህ ነጭ አቧራ ምንድን ነው? ደግሞ እርስዎም መጋገር ጀመሩ?»

«የወረቀት ብናኝ ይሆናል» አለ ኢንስፔክተሩ። ዓይኑን ሊከድን ሲል መስተዋቱ ውስጥ አንድ ነገር ያዘው።

የፀጉር ቤቱ በር ላይ በክር የተንጠለጠለች ሰሌዳ አለች። ሱቁ ክፍት ሲሆን ‹ክፍት ነው› የሚለው ፊቷ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ‹ተዘግቷል› የሚለው ወደ ውስጥ። ኢንስፔክተሩ ብዙ ጊዜ አይቷታል፤ አንብቧትም ያውቃል። አሁን ግን በመስተዋት ስለተገለበጠች ማንበብ አልቻለም፤ ማንበቡ ሲቀር ቅርጿን ማየት ጀመረ። ከ‹ቷ› ጫማ ሥር፣ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያለች፣ ጭራዋ የቀጠነ ጠብታ።

አረፋው ጉንጩ ላይ እንዳለ ከወንበሩ ተነሳ።

«ኧረ ምላጭ ይዣለሁ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ደግሞ ያቺን ሰሌዳ አደራ! ጠብታዋን ልጥረግልህ የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ አላስነካም። ታሪክ አላት። ታሪኳን ጋሽ ብሩሽን ጠይቁት።»

ሳጅኗ የባነሩን ፎቶግራፍ ከስልኳ አውጥታ ከሰሌዳዋ ጎን ያዘችው። ዘንበል ያለበት ወገን ያው ነው፤ ጭራው ያው ነው። ‹ጠ› የተባለው ፊደል የ‹ቷ›ን ጫማ ከነጭቃዋ ተውሶ አጥልቋል።

«ቀለም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይንጠባጠብም» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሽማግሌው አልጻፈውም። ከሌላ ሥራው ላይ እግር ቆርጦ የቀጠለ ሰው አለ። እሱም አይቶ አውቆታል።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አለ?»

«ማን እንደቆረጠው ገብቶታላ! ሰው ያላደረገውን አደረግሁ የሚለው ለማን ብሎ ይመስልሻል?»

የጋሽ ብሩሽ ልጅ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ኢንስፔክተሩ ስለ ‹ጧ› ሲጠይቃት አልካደችም፤ ይልቅ ግልግል እንዳገኘ ሰው ተነፈሰች።

«ፎንት፣ የኮምፒውተር ፊደል እየሠራሁለት ነው። የአባዬን እጅ» አለች። «እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ለማንም አይናገርም፤ ቀለም ሲቀዳ ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ነው። አንድ ቀን ብሩሹን ሲያስቀምጥ ፊደሎቹ አብረውት እንዳያርፉ ብዬ በድብቅ ከየታፔላው ፎቶግራፍ እያነሳሁ ለቀምኳቸው። ሲገባብኝ እንዳያይ ስክሪኑን እዘጋዋለሁ፤ ላስደንቀው ነበር። ግን ታፔላ ላይ ሁሉም ፊደል አይገኝም። ‹ጧ› የትም የለችም። ‹ጠ›ን ወስጄ፣ ከጋሼ ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳ ላይ የ‹ቷ›ን ጫማ አጠለቅሁላት።»

«ከነጠብታዋ?»

«መጀመሪያ ላይ አላየኋትም። በኋላ ሳያት የሥራ ጉድለት እንዳትመስልበት ብዬ አጠፋኋት።» ፎንቱን ከፍታ አሳየችው። ‹ጧ› ንጹሕ ጫማ አድርጋ ቆማለች።

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ታዲያ ጠብታዋ ያለችበት የመጀመሪያው ቅጂ እጁ ላይ ያለው ማነው?»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሙከራ አትምልኝ ብዬ ፍላሹን የሰጠሁት አንድ ሰው ነው። ፈጣኑ። ለማንም እንዳያሳይ አስምዬው ነበር!»

ኢንስፔክተሩ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ሳጅኗ በሩ ላይ ነበረች። እሱ ግን መጀመሪያ ከረጢቶቹን እንይ፣ በእትዬ ዳቦ በኩል እንለፍ አላት። ባዶው ዳቦ ቤት ውስጥ እትዬ ዳቦ የደረሷትን ከረጢቶች ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች።

«ሊጥ ሳይኖር ከረጢት!» አለች። «ግን ሲያምሩ አየሃቸው? ፈጣኑ ‹ጋሽ ብሩሽን አስጽፌልሻለሁ› ብሎ ለጽሕፈቱም ጭምር አስከፍሎኛል።»

ኢንስፔክተሩ አንዱን አነሳ። «ጧት ጧት ትኩስ ዳቦ» ይላል፣ ፊደሎቹ እየተገፋፉ። ከመጀመሪያዋ ‹ጧ› ጫማ ሥር ጠብታ አለች። ከሁለተኛዋም ሥር ጠብታ አለች፤ ያችው፣ ዘንበል ያለችው፣ ጭራዋ የቀጠነው።

«‹በኮምፒውተር አይቼው አላውቅም› ብሎ አልማለም?» አለች ሳጅኗ።

«ሌባ ለአመሉ ልፋጭ ይሰርቃል» አለ ኢንስፔክተሩ። «መጋገሪያ የሰረቀ ሰው የጽሕፈት ዋጋ መስረቅ አልተወም።» ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ክንዱ ሄደ። ነጩን አቧራ አስታወሰ። «እትዬ፣ ማቡኪያሽ ቁመቱ እስከ የት ይደርሳል?»

«እስከ ደረቴ።»

«እኔ እኮ ተደግፌው ነበር!» አለና ግንባሩን መታ። «ዱቄቱን በልብሴ ይዤ ወጥቼ የወረቀት ብናኝ አልኩት። ጉድ ነኝ!»

ፈጣኑ ሸራው ሲገለጥ ያው ፈጣን ነበር፤ ለመሮጥ። ግን ሳጅኗ በሩ ላይ ነች። ማቡኪያው በጓሮው በር አልገባ ብሎት ሱቁ መሃል ተገትሮ ቀርቷል፤ መጋገሪያውና መደርደሪያዎቹ ከኋላ ከደህናው ማተሚያ ማሽን አጠገብ ተደርድረዋል። ሌላ ከተማ ዳቦ ቤት ሊከፍት ላሰበ ወንድሙ ሊያሻግራቸው ነበር። ቱታ የለበሱት ሰዎች የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱም ባነሩን አምነው ነው የጫኑት።

«ሰው እንዲያምነኝ ምን ልጻፍ ብዬ አሰብኩ» አለ ፈጣኑ አንገቱን ደፍቶ። «በጥቁርና በደረቅ ፊደል ቢሆን ይጠረጥራሉ። በጋሽ ብሩሽ ፊደል ግን ሰው ፈገግ ይላል። ፈገግ ያለ ሰው አይጠይቅም።»

ጋሽ ብሩሽ ከጣቢያ ሲወጣ ልጁ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ እኔን ሌባ ናት ብለህ አሰብክ?»

«አፌን ይቁረጠው!» አለ ሽማግሌው። «ጠርጥሬሽ አይደለም፤ ፈርቼልሽ ነው። ጠብታዬን አየኋት። ታፔላዎቼን ስታነሺ አይቻለሁ፤ ስገባ ስክሪን ስትዘጊ አይቻለሁ። አንዱ አታሎ አስገብቷት ይሆናል አልኩ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብታሰር ምን ይቀርብኛል?»

«እኔ እቀርብሃለኋ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም አለቀሰ፣ ሳጅኗም ወደ ሌላ ወገን ዞረች።

ቤት ገብተው ኮምፒውተሩን ከፈተችለት። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደሎቹን እንደ ልጅ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ስሙን ጻፈ። የሷን ስም ጻፈ። ‹ተሸጧል› ብሎ ጻፈና ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

«ጠብታዋስ?»

«አጠፋኋት፣ አባዬ። ስህተት መስላኝ።»

«ስህተትማ ነች» አለ። «የፀጉር ቤቱን ሰሌዳ ስጽፍ እዚያው ‹ቷ› ላይ እያለሁ ነው ጋሼ ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ወርውሮ ‹ሴት ልጅ! ሚስትህ ሴት ልጅ ተገላገለች!› ብሎ የጮኸው። ብሩሹ እጄ ላይ ዘለለ። ሰሌዳዋን ከነጠብታዋ ትቻት ሐኪም ቤት ሮጥኩ። በማግስቱ ልጠርጋት ብመጣ አላስነካኝም፤ እኔም ለመጥረግ እጄ እሺ አላለኝም። ያቺ ጠብታ አንቺ ነሽ። በይ መልሻት።»

ልጅቱ መለሰቻት። ፎንቱንም ጠብታ ብላ ጠራችው። የጎደሉትን ፊደሎች ደግሞ ራሱ በሚንቀጠቀጥ እጁ ጻፈላት፤ መንቀጥቀጡ ጎድቷቸው እንደሆነ ብላ ስታይ ጭራሽ ከቀድሞዎቹ ይልቅ የሚስቁ ሆነው አገኘቻቸው።

ባለ ጁስ ቤቱ ጨርቁን አነሳ፤ አፍሮም ጋሽ ብሩሽን «ጁስ በነፃ እስኪያቅርህ ጠጣ» አለው። እትዬ ዳቦም መጋገሪያዋ ተመልሶ እሳቱ የተያያዘ ቀን በሯ ላይ በእጅ፣ በብሩሽ፣ በቀይ ቀለም ጻፉልኝ አለች። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ ሽማግሌው ከመሰላሉ እየወረደ ነበር፤ ልጁ መሰላሉን ይዛለች፣ ፀጉር አስተካካዩ ወገቡን ይዟል። ታፔላው «አልተሸጠም!» ይላል። እያንዳንዱ ፊደል በየአቅጣጫው ይጨፍራል።

ከመጨረሻው ፊደል ሥር አንዲት ጠብታ ወርዳለች። ሳጅኗ አላስቻላትም፤ ጣቷን ሰደደች።

«ይህችስ?»

ጣቷ በቀይ ተነከረ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

«ይህች የእውነት ናት» አለ ኢንስፔክተሩና ትኩሱን ዳቦ ከከረጢቱ አውጥቶ እኩሌታውን ሰጣት።